የመገጣጠሚያ በሽታ መድኃኒትና የቆዳ ሽፍታ



በማኅበረሰባችን የእጅና የእግር አንጓ ሲያብጥ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ጣት አልታጠፍ ሲል፣ ጉልበት ሲጠዘጥዝ «ቁርጥማት ነው» ወይም «ሪህ ነው» ይባላል። ሐኪሞች ግን እኛ ቁርጥማት የምንለውን ሕመም በብዙ ዓይነት ይከፋፍሉታል። ከእነዚህ አንዱ በዕብራይስጥ ዳሌኬት ሚፍራቂም ሺግሮኒት፣ በሕክምና ቋንቋ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይቲስ የሚባለው ነው። ይህ በሽታ ከብርድ ወይም ከእርጅና ብቻ የሚመጣ አይደለም። ተሕዋስያንን እንዲዋጋ የተፈጠረው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ሲያጠቃ የሚከሰት ነው። ከ100 ሰው 1 ሰው ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ይይዘዋል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። ሳይታከም ከቆየ የአንጓውን አጥንት እየበላ ጣቶችን ያጣምማል፤ የተጣመመውን ደግሞ መድኃኒት መልሶ አያቃናውም።

ስለዚህ ሐኪሙ ቶሎ መድኃኒት ይጀምራል፤ መድኃኒቱም ለዓመታት የሚወሰድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው መድኃኒቱ ተጀምሮ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ካለፉ በኋላ ቆዳ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ ሽፍታውን በነጠላው ሸፍኖ፣ ለሐኪምም ለልጆቹም ሳይናገር መድኃኒቱን መዋጡን ይቀጥላል። ሌላው ደግሞ «ይህ መድኃኒት ሊገድለኝ ነው» ብሎ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ይጥልና ለማንም ሳይናገር ያቆማል፤ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ሲለው በአክብሮት «አዎ» ይላል። ሁለቱም አደገኛ ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ከሆኑት ግን ከባድ ከሆኑት ሽፍታዎች አንዱ ሊሆንበት ይችላል። ሁለተኛው መገጣጠሚያው ሲበላሽ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይበልጥ ጠንካራ ወደሆነ መድኃኒት ያሸጋግረዋል።

ምች ነው ወይስ መድኃኒት?

አገር ቤት ሳለን ፊትና ከንፈር ላይ ድንገት ሽፍታ ሲወጣ ምች መታው ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል፣ ይሸተታል። ሰውነት ሲያሳክክ ደግሞ ደም መብዛት፣ ቅማል፣ የሰው ዓይን እየተባለ ብዙ ምክንያት ይሰጠዋል። እነዚህን ስሞች የምናነሳው ለመንቀፍ አይደለም። ችግሩ ስም ከተሰጠው በኋላ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው አለመኖሩ ነው።

የቆዳ ሐኪም ሽፍታ ያለበት ሰው ሲመጣለት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ባለፉት ሁለት ወራት ወደ ሰውነትዎ የገባ አዲስ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ጊዜው ብዙ ይናገራልና። ተራው የመድኃኒት ሽፍታ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል፤ ሰውዬው ያንኑ መድኃኒት ቀድሞ ወስዶ ከነበረ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ሊመጣ ይችላል። እንደ ሳማ የነካው ሰው ቆዳ የሚነፋፋውና ወዲያና ወዲህ የሚዘዋወረው ሽፍታ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ውስጥ ይታያል። ትኩሳትና የፊት እብጠት ያለበት ከባዱ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። እንግዲህ «መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወር አልፎኛል፣ እሱ ሊሆን አይችልም» ማለት ትክክል አይደለም።

በሌላ በኩል ሽፍታ ሁሉ ከመድኃኒት አይደለም። በሽታው ራሱ በክርንና በጣት አንጓ ላይ ጠንካራ፣ የማያሳክክ ጉብታ ያወጣል። አልፎ አልፎም ጥቃቅን የደም ሥሮችን አቁስሎ በጥፍር ዳር ጥቁር ነጠብጣብ፣ በቅልጥም ላይ የማይድን ቁስል ያመጣል። እከክ፣ ጭርት፣ አዲስ የልብስ ሳሙና፣ የሐምሌ ሙቀትም አለ። በሌሊት የሚብስ ማሳከክ ቤተሰቡን ሁሉ ከያዘ እከክን መጠርጠር ይቀድማል። መድኃኒት የሚውጠው እናት ብቻ ሆና ሳለ የልጅ ልጆችም የሚያሳክካቸው በክኒን ምክንያት ሊሆን አይችልምና።

በእኛ ቆዳ ላይ ሽፍታ ምን ይመስላል?

ይህ ነገር በደንብ ቢብራራ መልካም ነው። በመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት፣ የሕክምና መጻሕፍት ሥዕልም ጭምር ስለ «መቅላት» ይናገራል። በዕብራይስጥ አድሙሚዩት ይለዋል። ነጭ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይቀላል፤ እውነት ነው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ግን ያው ሽፍታ ሐምራዊ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ጨርሶ ሳይለወጥ ቆዳው ሻካራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «አልቀላም፣ ስለዚህ ሽፍታ አይደለም» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ሐኪሙም በጥቁር ቆዳ ላይ ሽፍታ ማየት ካልለመደ ሊያልፈው ይችላል።

መፍትሔው በዓይን ብቻ አለመመርመር ነው። በመስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ መዳፍን ቆዳ ላይ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ ዓይን ያላየውን ጉብጉብታ እጅ ያገኘዋል። ቆዳው ይሞቃል ወይ? ሲነካ ያማል ወይስ ያሳክካል ብቻ? ቆዳው ስስና ፈካ ያለበትን ቦታ ማየትም ይጠቅማል፤ የእጅ መዳፍ፣ የእግር ውስጥ፣ የከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ ድድ፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሲጎተት። የጉበት ችግር የሚያመጣው ቢጫነትም ከቆዳ ይልቅ በዓይን ነጭ ላይ ነው የሚታየን።

ሽፍታው በወጣበት ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት እጅግ ይረዳል። የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሽፍታው ሊጠፋ ይችላልና። አንዱን ፎቶ ከቅርብ፣ ሌላውን ከራቅ አድርጋችሁ አንሱ። ጤነኛ የሆነ ቆዳም በፎቶው ውስጥ ቢገባ ሐኪሙ የቀለሙን ልዩነት ያያል።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ቆዳ ላይ ሽፍታ ከዳነ በኋላ ቦታው ጠቁሮ ለወራት ይቆያል። ይህ ጥቁረት በሽታው አለመዳኑን አያመለክትም፤ ቆዳው ቀለሙን ቀስ ብሎ እስኪመልስ ነው። ያንን ጥቁረት አይቶ ሽፍታው አሁንም አለ ብሎ ጥሩ የሚሠራ መድኃኒት መተው አይገባም። ማንጫ ክሬም መቀባትም አይመከርም።

መድኃኒቶቹ በየስማቸው

ሜቶትሬክሳት ለዚህ በሽታ ከሁሉ በፊት የሚታዘዝ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰፊው ተሠርቶበታል፤ ብዙ ሰው ያለ ችግር ለዓመታት ይወስደዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የተለመደው መጠን በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊግራም ነው። ባለ 2.5 ሚሊግራም እንክብል ከሆነ ከ3 እስከ 10 እንክብል በአንድ ቀን ይወሰድና ከዚያ ለስድስት ቀን አይነካም ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ፓአም በሻቩአ ይላል፤ በሳምንት አንዴ ማለት ነው። ፓአም በዮም ማለት ደግሞ በቀን አንዴ ነው። ሌሎቹ ክኒኖች ሁሉ በየቀኑ የሚዋጡ ስለሆኑ ይህኛውም ከእነሱ ጋር በየቀኑ ሲወሰድ በብዙ አገር ሰው ሞቷል። በየቀኑ ሲወሰድ አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ቆዳ ይቆስላል፣ ይላጣል፣ ከዚያም ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒ ይደክማል። ቆዳና አፍ ሐኪም ሳያውቅ አስቀድመው የሚናገሩ ናቸው። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ሌኮቮሪን ይባላል። ነገር ግን የሚረዳው ቶሎ ሲደረስ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ምረጡ፤ ለምሳሌ ማክሰኞን። ከልጆቻችሁ አንዱ ሣጥኑ ላይ በአማርኛ «ማክሰኞ ብቻ» ብሎ በትልቁ ይጻፍበት። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ለአያቱ ወረቀቱን ሲተረጉም «ሻቩአ» የምትለዋን ቃል እንዳያልፋት አደራ። ከሜቶትሬክሳት ጋር ሁምጻ ፎሊት የሚባል ቫይታሚን ይታዘዛል። እሱ የሕመም ማስታገሻ ስላልሆነ «ምንም አይሠራም» ተብሎ ይተዋል፤ ነገር ግን የአፍ ቁስልንና ማቅለሽለሽን የሚቀንሰው፣ ጉበትንም የሚጠብቀው እሱ ነው።

በትክክለኛው መጠን ሲወሰድም ሜቶትሬክሳት ቀላል ሽፍታ፣ ትንሽ የፀጉር መሳሳት፣ ለፀሐይ ቶሎ መቃጠል ሊያመጣ ይችላል። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይጎዳም የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ በጣቶቹ ላይ የነበሩት ጉብታዎች ይበዛሉ። ከዚህ ጋር ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለሽንት ኢንፌክሽን የሚሰጠው ሬስፕሪም የሚባል አንቲባዮቲክ ከሜቶትሬክሳት ጋር ሲገናኝ የአጥንት መቅኒን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ሐኪም፣ ወይም በሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም አንቲባዮቲክ ሲያዝ «ሜቶትሬክሳት እወስዳለሁ» ማለት ግዴታ ነው።

ሳላዞፒሪን ሽፍታ በማምጣት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ይህ መድኃኒት በስዊድን ሐኪሟ ናና ስቫርትስ ሥራ የተገኘና የተሠራውም ለዚሁ ለመገጣጠሚያ በሽታ ነበር። ከሁለት ነገሮች የተጣመረ ነው፤ አንደኛው የአስፒሪን ዘመድ ሲሆን ሌላው ከሱልፋ ወገን ነው። ሱልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም። ከባድ ከሆኑት ሽፍታዎች መካከልም በዚህ መድኃኒት የሚመጡ አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በንቃት መከታተል ያስፈልጋል። ሽንትን ወይም ላብን ብርቱካንማ ማድረጉ ግን ምንም ጉዳት የለውም። ይህን ሳያውቁ «ደም ሸናሁ» ብለው የደነገጡ አሉ።

ፕላኬኒል የሚባለው የክሎሮኪን ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ይቀላል። ክሎሮኪንን የማያውቅ አዛውንት ጥቂት ነው። በቆላ ወባ ይዞት የነበረ፣ በሱዳን በኩል በመጣበት ጊዜ በሠፈር የታመመ ሁሉ ያንን መራራ ክኒን ያስታውሰዋል። ብዙዎችም ክኒኑን በዋጡ በአንድ ቀን ውስጥ ያ ልዩ ማሳከክ ይነሳባቸው ነበር። በመዳፍና በውስጥ እግር ጭምር እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ቆዳ ላይ ግን ምንም የማይታይ ነው። ይህ በአፍሪካ ሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው እጅግ ይበዛል። የተለመደው የአለርጂ ክኒንም ብዙ አይረዳውም። ፕላኬኒል ይህን የሚያመጣው ከክሎሮኪን በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ሆኖም ሊያመጣ ይችላል። እንግዲህ «የወባ ክኒን ያሳክከኝ ነበር» የምትሉ ሁሉ ፕላኬኒል ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ። በእስራኤል አገር የተማረ ሐኪም በራሱ ይህን ጥያቄ ላያነሳ ይችላል፤ ወባ እዚህ የለምና። ማሳከኩ ቢነሳም «ሽፍታ የለም፣ ስለዚህ ከሐሳብ ነው» የሚል መልስ እንዳትቀበሉ።

ፕላኬኒል ለረዥም ዓመታት ሲወሰድ በቅልጥም፣ በፊት ወይም በላንቃ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ሲታይ ተመትቶ የበለዘ ይመስላል። ሕመም የለውም። ዓይንን ግን በየጊዜው ማስመርመር የግድ ነው። አንዱ ሲጀመር፣ ከ5 ዓመት በኋላም በየዓመቱ።

አራቫ ሽፍታና የፀጉር መሳሳት ያመጣል። ልዩ ጠባዩ ክኒኑ ቢቆምም ከሰውነት ቶሎ አለመውጣቱ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት ይቆያል። ከባድ ሽፍታ ከመጣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ ሌላ ዱቄት ያዛል። ስለዚህ አራቫን በራስ ፈቃድ ማቆም ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። አራቫም ሆነ ሜቶትሬክሳት ፅንስን ስለሚጎዱ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ይኖርባታል።

በመርፌ የሚሰጡት እንደ ሁሚራና ኤንብሬል ያሉት የተወጋው ቦታ ላይ እብጠት፣ ሙቀትና ማሳከክ ያመጣሉ። ይህ በአብዛኛው በመጀመሪያው ወር የሚታይና በጥቂት ቀን የሚጠፋ ነው። መርፌውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ትንሽ ማቆየት፣ የሚወጉበትንም ቦታ ዛሬ ቀኝ ጭን ከሆነ በሚቀጥለው ግራ ጭን ወይም ሆድ እያሉ መለዋወጥ ይረዳል። ሽፍታው ከተወጋው ቦታ አልፎ ወደ ሌላው ሰውነት ከተስፋፋ ግን ሌላ ነገር ነው። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው ረሚኬድ ደግሞ በሚንጠባጠብበት ሰዓት ማሳከክ ወይም የደረት መጨነቅ ካመጣ ነርሷን ወዲያው መጥራት ነው፤ «ሥራ ላስፈታት አልፈልግም» ብሎ መታገስ አይገባም።

እነዚህ መርፌዎች ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል፤ ቲቢ ከበዛበት አገር የመጣ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የኖረ ተሕዋስ ሊኖር ስለሚችል። ከተገኘ መከላከያ ክኒን ለወራት ይሰጣል። ያም ክኒን በራሱ ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ሰሞን ስትጀምሩ የትኛው በየትኛው ቀን እንደተጀመረ መጻፍ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አልማዝ ባለጭራ

የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ሁሉ፣ በተለይም እንደ ዘልጃንዝ፣ ሪንቮክና ኦሉሚያንት ያሉት አዳዲስ ክኒኖች፣ አልማዝ ባለጭራን ያስነሳሉ። በዕብራይስጥ ሻልቤቄት ሖጌሬት ይባላል። ይህ የመድኃኒት አለርጂ አይደለም። በልጅነታችን የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ መከላከያው ሲደክም መነሣቱ ነው። መጀመሪያ በአንድ ወገን፣ በጎድን ወይም በወገብ ወይም በፊት፣ የሚያቃጥል ሕመም ይመጣል። ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች እንደ መቀነት ተደርድረው ይወጣሉ። የሰውነትን መሐል አያልፉም። የሚያክመው መድኃኒት ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ሦስት ቀን ቅጠል ሲቀቡ ያሳለፉ ሰዎች ሽፍታው ከዳነም በኋላ የነርቭ ሕመሙ ለወራት ሊቀርባቸው ይችላል። በዓይን አካባቢ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት፤ ዓይን ያጠፋልና። በሁለት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት አለ። ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰውም ሊከተበው ይችላል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ግን ይመረጣል፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

የሕመም ማስታገሻዎቹ፣ ኑሮፌን፣ አድቪል፣ ናክሲን፣ ኤቶፓን፣ አንዳንዶቹ ያለ ማዘዣም ስለሚገዙ ብዙ ሰው መድኃኒት አድርጎ አይቆጥራቸውም፤ ሐኪሙ ሲጠይቀውም አይጠቅሳቸውም። ሽፍታና የከንፈር እብጠት ግን እነሱም ያመጣሉ። ፕሬድኒሶን የቆዳ መሳሳት፣ በቀላሉ መበለዝና ብጉር ያመጣል። ስለ ፕሬድኒሶን ግን አንድ ነገር ከሁሉ በላይ እወቁ። ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በአንድ ቀን ማቆም ሰውን ሊጥል ይችላል፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜ

አብዛኛው የመድኃኒት ሽፍታ ቀላል ነው። የሚያሳክክ ብቻ ከሆነና ሰውዬው ትኩሳት ከሌለው፣ እየበላና እየጠጣ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቁፓት ሖሊም ደውሎ ለነርሷ ወይም ለቤተሰብ ሐኪሙ መንገር በቂ ነው። የሚቀጥለው ክኒን ከመዋጡ በፊት ይሁን። የሳምንቱ የሜቶትሬክሳት ቀን ከደረሰና ሐኪም ካልተገኘ፣ እስኪያነጋግሩ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማዘግየት መገጣጠሚያን አይጎዳም።

ከባዱን የሚለዩት ምልክቶች ግን እነዚህ ናቸው። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ማበጥ፣ መተንፈስ ማስቸገር፣ ራስ መሳት፦ ይህ ሲሆን ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 መደወል ነው። ከሽፍታ ጋር ትኩሳት መምጣት፣ ፊት ማበጥ፣ በአንገት ወይም በብብት ንፍፊት መውጣት፣ የዓይን ነጭ ቢጫ መሆን፦ ወደ ሚዩን መሄድ ያስፈልጋል። ቆዳው ከማሳከክ ይልቅ እንደተቃጠለ ካመመ፣ ውሃ ቋጥሮ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ከተገፈፈ፣ አፍ፣ ዓይን ወይም የኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ከቆሰለ፣ ይህ ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ስሙን ያገኘው በ1922 በኒው ዮርክ ከገለጹት ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ነው። እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ የደረሰበት ግን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋበት ይችላል። የሚያድነው የመጀመሪያው ነገር የጠረጠሩትን መድኃኒት በዚያው ሰዓት ማቆም ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ «ሐኪሙ ሳይፈቅድ አላቆምም» አይባልም፤ ከፕሬድኒሶን በቀር የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ፣ ሣጥኖቹን ሁሉ በከረጢት ይዞ ወደ ሆስፒታል ነው። የኀፍረተ ሥጋ ቁስልን አዛውንቶቻችን በልጅ ወይም በምራት ፊት ለመናገር ያፍራሉ። ለነርሷ ብቻዋን መናገር ይቻላል፤ ልጅን ከክፍሉ እንዲወጣ መጠየቅም ነውር የለውም።

በቤት የሚደረገውና የማይደረገው

ለሚያሳክክ ቆዳ ለብ ባለ ውሃ አጭር መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት፣ ጥፍርን ማሳጠር፣ ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ ጥሩ ነው። የተለመደው ለጋ ቅቤም ቆዳ ያለሰልሳል፤ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ክፋት የለውም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚ ጭማቂ በታመመ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሽፍታ ከቃጠሎው መለየት ያቅተዋል። ጥብርያ ወርዶ በፍል ውሃ መዘፍዘፍ ለአንጓ ደስ ይላል፤ ሽፍታ ባለበት ሰሞን ግን ማሳከኩን ያብሰዋል። ዋግምትና ብጣት የመከላከያ ኃይሉ በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው አይሆኑም፤ ትንሿ ብጣት ወደ ከባድ ኢንፌክሽን ልትለወጥ ትችላለች። የሚጠጣ የባሕል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። የተናደደ ሐኪም ከማያውቅ ሐኪም ይሻላል።

ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ብላ የምትሰጠው የኮርቲዞን ክሬምም አለ። ሽፍታው ጭርት ከሆነ ክሬሙ ለጥቂት ቀን ያስታግስና ከሥር ያስፋፋዋል።

በሚርፓአ ምን ይባላል?

ሽፍታ በዕብራይስጥ ፕሪሃ ነው። ማሳከክ ጌሩድ፣ የጎንዮሽ ጉዳት ቶፋአት ሌቫይ ይባላል። አስተርጓሚ በሌለበት ሰዓት ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ ይጠቅማል፦ «ዬሽ ሊ ፕሪሃ ሜአዝ ሼሂትሃልቲ ትሩፋ ሃዳሻ»፤ አዲስ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ሽፍታ ወጥቶብኛል ማለት ነው። ይህን የሰማ ፀሐፊ ቀጠሮውን ለወር አያራዝመውም።

የእስራኤል የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ቁፓት ሖሊሞችና ሆስፒታሎች አገልግሎታቸውን ሕመምተኛው በሚረዳው ቋንቋ ተደራሽ እንዲያደርጉ አዝዟል። ስለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ መጠየቅ ልመና አይደለም። የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ስለ አያቷ ደምና ጉበት እንድትተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል፤ ልጅቱ የከበደውን ቃል ትዘላለች፣ አያትም የሚያሳፍረውን ይተዋሉ።

ሽፍታው ከአንድ መድኃኒት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪሙ በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ እንዲመዘግበው ጠይቁ። ስሙንም በወረቀት በዕብራይስጥ አስጽፋችሁ ከቴውዳት ዜሁት ጋር በቦርሳ ያዙ። ያ ወረቀት ከሌላ ቁፓት ሖሊም፣ ከሌላ ከተማ፣ በሌሊት ከሚመጣ አምቡላንስ ጋር የሚነጋገርላችሁ እሱ ነው። ቀላል ሽፍታ ያመጣ መድኃኒት ግን ለዘለዓለም የተዘጋ በር ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ አቁሞ፣ ቆዳው ሲድን በትንሽ መጠን መልሶ ሊሞክረው ወይም በሌላ ሊተካው ይችላል። ለዚህ በሽታ ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ከአሥር በላይ ናቸው፤ አንዱ ለቆዳችሁ ባይስማማ ሌላው ሊስማማ ይችላል።